ሃሞክ ስንሰቅል ምን ያህል ይርገብ? ከፍታውስ? (ጎንደርና አካባቢዋ)

የማራኪ ልጅ
ጥር 16፣ ማታ 2:40

ሰላም ቤተሰብ፣ እንዴት ናችሁ። ወንድሜ ከውጭ ሲመጣ ሃሞክ (ሁለት ዛፎች መካከል የሚሰቀል የጨርቅ መኝታ) አመጣልኝ። ርዝመቱ 3 ሜትር ነው፤ የራሱ ሰፋፊ ማሰሪያ አለው። አዘዞ እናታችን ግቢ ውስጥ ሁለት ደህና ባሕር ዛፎች አሉ። በመካከላቸው 4 ሜትር ተኩል ገደማ ነው። እሁድ እሁድ እዚያ ጋደም ብዬ ለማንበብ ነው ያሰብኩት።

ችግሬ እንዲህ ነው። ግጥም አድርጌ ስወጥረው ጨርቁ ከግራና ከቀኝ ትከሻዬን ጭምቅ ያደርገኛል። ትንሽ ዞር ካልኩ ደግሞ ሊገለብጠኝ ይደርሳል። ላላ ሳደርገው መቀመጫዬ መሬት ይነካል። ማሰሪያውን ዛፉ ላይ የማስረው ደረቴ ትክክል ነው።

ስንት ላይ ልሰረው? ምን ያህልስ ልወጥረው? እናቴ «ልጄ፣ ወድቀህ ወገብህን እንዳትሰበር» እያለች ስለሆነ በዝርዝር ብትነግሩኝ ደስ ይለኛል።

የሰሜን ተጓዥ
ጥር 16፣ ማታ 3:25

ወንድም፣ የሁለቱም ችግር ምንጩ አንድ ነው። ዝቅ አድርገህ ነው የምታስረው። ዝቅ ካለ፣ መሬት እንዳይነካ ስትል መወጠር ግድ ይሆንብሃል። ከፍ አድርገህ እሰረውና አርግበው።

መነሻህ 30 ዲግሪ ይሁን። ማሰሪያው ከዛፉ ተነስቶ ወደ ሃሞኩ ጫፍ ሲወርድ ከአግድም መስመር 30 ዲግሪ ያህል መዝመም አለበት። ለዚህ መሣሪያ ፍለጋ አትድከም፤ እጅህ ይበቃል። አውራ ጣትህን ወደ ላይ አቁም። ጠቋሚ ጣትህን ወደ ፊት ቀስር። ሌሎቹን እጠፋቸው። አሁን ከአውራ ጣትህ ጫፍ እስከ ጠቋሚ ጣትህ ጫፍ መስመር እንዳለ አስብ። ያ መስመር 30 ዲግሪ አካባቢ ነው። ከጎን ቆመህ፣ ጠቋሚ ጣትህን አግድም ወደ ሃሞኩ አድርገህ ከማሰሪያው ጋር አስተያየው። ማሰሪያው በዚያ መስመር ከወረደ ጥሩ ነው።

ሜትር ካለህ ደግሞ ይበልጥ ይቀልልሃል። ከማሰሪያው ላይ 1 ሜትር ለካ። የዚያ 1 ሜትር የላይኛው ጫፍ ከታችኛው በ50 ሴንቲ ከፍ ካለ ልክ 30 ዲግሪ ሆነ ማለት ነው።

ከፍታውን የምትወስነው መሃሉ ላይ ቁጭ ብለህ ነው። መቀመጫህ ከመሬት 45 ሴንቲ አካባቢ ይሁን፤ የተራ ወንበር ከፍታ ማለት ነው። እግርህ መሬት ይረግጣል፣ ያለ ትግል ትነሳለህ። ከዚያ በላይ ማውጣት ጥቅም የለውም። ሥሩ ድንጋይ ወይም ጉቶ ካለ ደግሞ አስቀድመህ አንሳ፤ ካልተነሳ ቦታ ቀይር።

አንድ ነገር አትርሳ። ባዶውን ለክተህ አትመን። ሰው ሲተኛበት ጨርቁም ማሰሪያውም ይለጠጣል፣ ቋጠሮውም ይጠብቃል። ወንድምህ ይተኛበት፣ አንተ ከጎን ሆነህ እየው።

ሂሳብ ወዳድ
ጥር 17፣ ጠዋት 1:50

የሰሜን ተጓዥ ያለው ትክክል ነው። እኔ ለምን 30 እንደተባለ ልጨምር፤ ምክንያቱን ያወቀ ሰው ሌላ ቦታ ሄዶም አይሳሳትም።

70 ኪሎ የሚመዝን ሰው እንውሰድ። በ45 ዲግሪ ከሰቀለ እያንዳንዱ ማሰሪያ ላይ 50 ኪሎ ገደማ ያርፋል። በ30 ዲግሪ እያንዳንዱ ላይ 70 ኪሎ፤ ልክ የራሱ ክብደት። በ15 ዲግሪ 135 ኪሎ ይሆናል። በ10 ዲግሪ 200 ኪሎ። በ5 ዲግሪ 400 ኪሎ! ያውም ሰውየው ሳይንቀሳቀስ ተኝቶ ነው። ዘሎ ሲቀመጥበት ወይም ልጆች ሲወዛወዙበት ከዚህም ያልፋል።

ስሌቱ አጭር ነው። ክብደቱን የአንግሉ ሳይን እጥፍ ለሆነው ቁጥር ታካፍላላችሁ። የ30 ዲግሪ ሳይን ግማሽ ስለሆነ እጥፉ 1 ነው፤ ለዚህ ነው ጭነቱ ከክብደቱ እኩል የሚመጣው።

ነገሩን በሐሳባችሁ ለማየት ሞክሩ። ሰውን ወደ ላይ የሚይዘው የማሰሪያው ዝመት ነው። ማሰሪያው ወደ አግድም በቀረበ ቁጥር ጉልበቱ የሚያልቀው ዛፎቹን እርስ በርስ በመሳብ ነው። ፍጹም አግድም የሆነ ማሰሪያ ሰው ሊሸከም አይችልም፤ የግድ ይረግባል ወይም ይበጠሳል። ስለዚህ «ግጥም አድርጌ ወጠርኩት» ሲባል የሚያሳስበኝ መንጠቆውና ስፌቱ ነው። ማሰሪያው 200 ኪሎ ይችላል ተብሎ ከተጻፈበት፣ በ10 ዲግሪ የሰቀለ ሰው ገና ሲተኛ አቅሙን ጨርሶታል።

የማራኪ ልጅ
ጥር 17፣ ቀን 7:10

እግዚአብሔር ይስጥልኝ ሁለታችሁም። ሂሳብ ወዳድ፣ የ5 ዲግሪውን ሳነብ ደነገጥኩ፤ የእኔ ከዚያ ብዙም የራቀ አይመስለኝም።

አሁን የቀረኝ አንድ ጥያቄ ነው። የእኔ ዛፎች 4 ሜትር ተኩል ይራራቃሉ። ዛፉ ላይ ስንት ላይ ልሰር? ሌላ ቦታ ስሄድ ርቀቱ ቢለያይስ?

የሰሜን ተጓዥ
ጥር 17፣ ማታ 1:30

ለ3 ሜትር ሃሞክ በግምት እንዲህ ያዘው። ዛፎቹ 3 ሜትር ተኩል ከተራራቁ 1 ሜትር ተኩል ላይ። 4 ሜትር ተኩል ከሆኑ 1 ሜትር ከ80 ላይ። 6 ሜትር ከሆኑ 2 ሜትር ከ20 ላይ። በየሜትሩ 30 ሴንቲ ያህል ይጨምራል ብለህ ብታስብ አትሳሳትም። ስለዚህ የአንተ ማሰሪያ ደረትህ ሳይሆን ጭንቅላትህ አካባቢ መሆን አለበት። መሬቱ ተዳፋት ከሆነ ግን የሁለቱን ዛፎች ከፍታ ከየራሳቸው ግርጌ አትለካ። ከመሃሉ መሬት አስላ።

ርቀቱ ከ3 ሜትር ካነሰ ተወው። ሃሞኩ ይታጠፍብሃል። ከ6 ሜትር ከበለጠ ደግሞ መሰላል ያስፈልግሃል።

ቦታ በቀያየርክ ቁጥር ከመገመት የሚያድን ሌላ ዘዴ አለ። ከአንዱ የሃሞኩ ጫፍ እስከ ሌላው ጫፍ ከላይ ቀጭን ግን ጠንካራ ገመድ ዘርጋ። የማይለጠጥ ይሁን። ርዝመቱ የሃሞኩ ርዝመት 83 በመቶ ይሁን። ለአንተ 2 ሜትር ከ50 ይመጣል። ይህ ገመድ ካለ የሃሞኩ እርግበት አይለዋወጥም፤ ዛፎቹ ቢቀርቡም ቢርቁም ጨርቁ ሁልጊዜ በአንድ ልክ ነው የሚቆለምመው። አንተ የምትጨነቀው ስለ ከፍታው ብቻ ነው።

ተኝተህ ገመዱን በሁለት ጣት ጨብጠህ እጠፈው። ትንሽ እንቢ እያለ ከታጠፈልህ ልኩ ነው። እንደ ክራር ጅማት ከጮኸ ከመጠን በላይ ወጥረሃል፤ ማሰሪያዎቹን አርግብ። ተልፈስፍሶ ከተንጠለጠለ ደግሞ ትንሽ ሳብ አድርግ።

ጋሼ አናጢ
ጥር 18፣ ጠዋት 3:05

ልጆች፣ ጥሩ ተነጋግራችኋል። እኔ ስለ እንጨቱ ልናገር።

በመጀመሪያ ዛፉን እዩ። በሁለት እጃችሁ ዙሪያውን ይዛችሁ ጣቶቻችሁ ከተነካኩ ለዚህ ሥራ ቀጭን ነው። አንድ ሰው ይቀመጥበት፤ ሌላው ቀና ብሎ የዛፉን ጫፍ ይመልከት። ጫፉ ከተንቀሳቀሰ ሌላ ዛፍ ፈልጉ። የደረቀ ዛፍ ላይ፣ ጠንካራ ቢመስልም፣ አትስቀሉ። ባሕር ዛፍ ሥር ስትተኙ ደግሞ የደረቀ ቅርንጫፍ ከላይ አለመኖሩን አረጋግጡ። ነፋስ በሌለበት ቀን እንኳ ይጥላል።

ነጭ ባሕር ዛፍ ቅርፊቱን እየላጠ ይጥላል። ማሰሪያውን በተላጠው ቅርፊት ላይ ካሰራችሁት ቅርፊቱን ይዞ ወደ ታች ይንሸራተታል። ልቅ የሆነውን በእጃችሁ አንሱና ለስላሳው ግንድ ላይ እሰሩ። ሁለት ጊዜ ጠምጥሙት።

በቀጭን ገመድ ግን ዛፍ አትሰሩ። የዛፍ ሕይወቱ ከቅርፊቱ ሥር ባለችው ስስ ንጣፍ ላይ ነው። ገመድ እየቆረጠ ዙሪያውን ከገባ ዛፉ ምግብ ማውረድ ያቅተዋል። ማሰሪያው ቢያንስ ሁለት ሴንቲ ተኩል ስፋት ይኑረው። ወይራና ዋንዛ ከሆነማ አደራ፤ እነዚህ በአንድ ትውልድ የሚተኩ ዛፎች አይደሉም።

ዛፍ የሌለው ሰው ቋሚ ይተክላል። እዚህ ላይ ተጠንቀቁ። ሂሳብ ወዳድ ልጄ፣ በ30 ዲግሪ ቋሚውን ወደ ጎን የሚስበው ስንት ኪሎ ነው? እኔ በልምድ ነው የማውቀው፤ አንቺ በቁጥር ንገሪያቸው።

ሂሳብ ወዳድ
ጥር 18፣ ጠዋት 4:20

ጋሼ፣ እርስዎ እንዳሉት ወሳኙ የጎን ስበቱ ነው። ለ70 ኪሎ ሰው በ30 ዲግሪ 60 ኪሎ ገደማ ነው። በ10 ዲግሪ 200 ኪሎ ሊሞላ ትንሽ ይቀረዋል። ማሰሪያው ቋሚው ላይ ከፍ ባለ ቁጥር ደግሞ ከሥሩ የመንቀል አቅሙ ይጨምራል። 60 ኪሎ በ1 ሜትር ከ80 ላይ ሲስብ ቀላል አይደለም።

ጋሼ አናጢ
ጥር 18፣ ጠዋት 4:45

ተባረኪ። ስለዚህ ቋሚው አንድ ሜትር ያህል ይቀበር። ዙሪያው በድንጋይ ይጠቅጠቅ፤ አፈር ብቻ አይበቃም። ከሃሞኩ ተቃራኒ ወደ ውጭ ዘንበል ተደርጎ ቢተከል ይመረጣል። ዋልካ አፈር ላይ ከሆነ በበጋ የቆመው በክረምት ይላላል። ሐምሌ ሲገባ ሳትነቀንቁ አትተኙበት።

የሳሙና በር እናት
ጥር 18፣ ማታ 2:15

ጋሼ፣ ጤና ይስጥልኝ። እኔ የምኖረው ኮንዶሚኒየም ነው። ልጆቼ በረንዳው ላይ ስቀይልን እያሉ አስቸገሩኝ። ግድግዳው ብሎኬት ነው። በፊሸር ብሎን ባስመታ ይይዛል ይላሉ?

ጋሼ አናጢ
ጥር 18፣ ማታ 2:50

ጤና ይስጥልኝ። አይሆንም፣ ልጄ። ብሎኬት ውስጡ ባዶ ነው። ፊሸሩ የሚይዘው ስስ ግድግዳውን ብቻ ነው። ሥዕል ይሰቀልበት ይሆናል፤ ሰው ግን አይሰቀልበትም። የጎን ስበት ብሎኑን ወደ ውጭ ነው የሚጎትተው። የበረንዳውንም መደገፊያ ብረት አትመኚው፤ ለመደገፍ እንጂ ለመሳብ አልተሠራም።

የሚይዘው አርማታ ነው፤ ኮለን ወይም ቢም። እሱንም ፌሮውን ሳይነካ የሚበሳ፣ ሥራውን የሚያውቅ ባለሙያ ያስፈልጋል። ፎቅ ላይ ከሆንሽ ደግሞ ጨርሶ ተዪው። ሃሞክ የሚወዛወዝ ነገር ነው፤ የበረንዳ ጫፍ ላይ ልጅ ማወዛወዝ ልብ አያሳርፍም። ግቢያችሁ ውስጥ ዛፍ ካለ እዚያ ስቀይላቸው። ዝቅ አድርጊው፤ አንዴ አንድ ልጅ ብቻ።

የሳሙና በር እናት
ጥር 18፣ ማታ 3:00

ዕድሜ ይስጥልኝ ጋሼ። ተውኩት።

የማራኪ ልጅ
ጥር 21፣ ማታ 1:05

ዛሬ 1 ሜትር ከ80 ላይ አሰርኩት። በጣትም በሜትርም ለካሁት። ትከሻዬን መጭመቁ ቀረ፤ መገልበጡም የለም። እናቴም ቁጭ ብላበት ቡና ጠጣች።

ግን ሁለት ነገር አስቸግሮኛል። ቀስ በቀስ ወደ እግር በኩል እየተንሸራተትኩ እወርዳለሁ። ጀርባዬም አሁንም ይጎብጣል፤ ጉልበቴ ደግሞ ወደ ኋላ የተለጠጠ ይመስለኛል።

ደንቢያ
ጥር 21፣ ማታ 1:40

ወንድሜ፣ መሃሉን መስመር ይዘህ እየተኛህ ነው። ሃሞክ ላይ በሰያፍ ነው የሚተኛው። ጭንቅላትህን ከመሃል ትንሽ ወደ ግራ፣ እግርህን ወደ ቀኝ አድርግ። ወይም በተቃራኒው፤ የሚመችህን ጎን ሞክረህ ታገኘዋለህ። በሰያፍ ስትተኛ ጨርቁ ከሥርህ ይዘረጋና ጀርባህ ቀጥ ይላል። የጉልበትህም ሕመም የሚቀረው ያኔ ነው። ገልበጥ ብለህ በጎንህ መተኛትም ትችላለህ። ግን ይህ የሚሠራው ሃሞኩ ረግቦ ከተሰቀለ ብቻ ነው፤ የተወጠረ ጨርቅ ላይ ሰያፍ ቦታ አታገኝም።

መንሸራተቱን ለመከላከል የእግርህን ጎን ከራስህ ጎን ከ15 እስከ 20 ሴንቲ ከፍ አድርገህ እሰር። የሰው ክብደቱ ከወገቡ በላይ ስለሚበዛ፣ እኩል ሲሰቀል ራስጌው ዝቅ አይልም ወይ ትል ይሆናል። የሚሆነው ግን ሌላ ነው። ክብደቱ መሃሉን ፍለጋ ወደ እግር በኩል ይንሸራተታል።

ቁመትህ ስንት ነው? 3 ሜትር ሃሞክ ለረጅም ሰው በሰያፍ ያጥራል። ከ1 ሜትር ከ80 በላይ ከሆንክ 3 ሜትር ከ30 የሆነ ይሻልሃል። መግዛት ካልቻልክ ጠንካራ የፖሊስተር ጨርቅ ገዝተህ ልብስ ሰፊ ጋ ውሰደው። ሁለቱን ጫፎች ገመድ እንዲያልፍባቸው አጥፎ በድርብ ስፌት ይሰፋልሃል። አንድ ሜትር ተኩል ስፋት ይበቃል።

ቀስተ ደመና
ጥር 22፣ ቀን 6:30

እኔ ግን 30 ዲግሪ ላይ አልስማማም። 45 አካባቢ ነው የሚመቸኝ። ጠለቅ ያለ ሃሞክ ውስጥ ቁጭ ብሎ ማንበብ ደስ ይላል። ሂሳብ ወዳድ ባስቀመጠችው ቁጥርም ጭነቱ ይቀንሳል። ታዲያ ለምን 30 ላይ እንቆማለን?

ሂሳብ ወዳድ
ጥር 22፣ ቀን 7:45

ለጭነቱ ብቻ ከሆነ ልክ ነህ፤ 45 ይሻላል። ለመቀመጥና ለማንበብም ይመቻል። ለመተኛት ግን ሁለቱ የሃሞኩ ጫፎች በጣም ይቀራረባሉ፤ መሃሉ ይጠልቃል፤ በሰያፍ እንኳ ብትተኛ እግርህና ራስህ ወደ ላይ ይነሳሉ። ሌሊቱን ሙሉ ለሚያድር ሰው 30 መነሻ ነው፤ ከዚያ በ5 ዲግሪ ከፍም ዝቅም ማለት ይቻላል። የላይ ገመድ የሚጠቀም ሰውም ማሰሪያውን 45 ማድረግ የለበትም፤ ያኔ ገመዱ ይላላና የጨርቁን እርግበት መወሰን ያቆማል።

ፒያሳ ማዶ
ጥር 23፣ ማታ 12:50

ፋሲል መዋኛ ያሉት ትልልቅ ዛፎች ለዚህ አይመቹም? ጥላቸው ግሩም ነው።

የሰሜን ተጓዥ
ጥር 23፣ ማታ 1:20

እባክህ እዚያ አታስበው። የእነዚያ ዛፎች ሥር ግንቡን አቅፎ የያዘ ነው፤ ከግንቡ ጋር አንድ ሆነዋል። ፋሲል ግቢ እ.ኤ.አ. በ1979 በዓለም ቅርስነት ሲመዘገብ መዋኛውም አብሮ ነው የገባው። በየቤተ ክርስቲያኑ ቅጥር ያሉ ጽዶችና ወይራዎችም እንደዚሁ ናቸው። ከከተማ ወጣ በል። ኮሶዬ በኩል ባሕር ዛፍ በሽ ነው፤ ባለቤቱን ጠይቀህ ትሰቅላለህ።

ደንቢያ
ጥር 23፣ ማታ 1:55

ወይም ወደ እኛ ና፤ ጎርጎራ ጣና ዳር። ግን አጎበር ይዘህ ና። ቢንቢ ከሥር በስሱ ጨርቅ በኩል ትነድፋለች፤ ወባም አለ። ከላይ ብቻ የሚጣል አጎበር አይበቃም። ከሥርም ዙሪያውን የሚዘጋ ይሁን። የሰሜን ተጓዥ ያለው የላይ ገመድ እዚህ ላይ ሌላም ጥቅም አለው፤ አጎበሩን እሱ ላይ ትጥለዋለህ።

ፒያሳ ማዶ
ጥር 23፣ ማታ 2:10

እሺ፣ አመሰግናለሁ። ሰሜን ተራራስ? ጊጭ ላይ ድንኳን ትቼ በሃሞክ ባድርስ?

የሰሜን ተጓዥ
ጥር 23፣ ማታ 2:45

ጊጭ 3,600 ሜትር ነው፤ ጨነቅም 3,620። ሁለቱም ቦታ ያለው ጓሳ ሣርና ጅብራ ነው። ጅብራ ላይ እንዳትሰቅል። ግንዱ እንደ እንጨት አይጠነክርም፤ ውስጡ ለስላሳ ነው። ብዙ ዓመት አድጎ አንዴ አብቦ የሚሞት ተክል ነው። ሳንቃበር 3,250 ሜትር ላይ ስለሆነ የአስታ ዛፍ ታገኛለህ፤ ነገር ግን ፓርክ ነው፣ ስካውቱን ሳትጠይቅ ዛፍ ላይ ምንም አትሰር። ድንኳን መያዝህ አይቀርም።

ብርዱ ደግሞ ከላይ ሳይሆን ከሥር ነው የሚመጣው። የመኝታ ከረጢቱን ተኝተህበት ስትጨፈልቀው ሙቀት መያዝ ያቆማል፤ ነፋሱም በጨርቁ ሥር ያልፋል። ከሃሞኩ ውጭ፣ ከሥር፣ ሳይጨፈለቅ የሚንጠለጠል ብርድ ልብስ ወይም ወፍራም ጋቢ ያስፈልግሃል። ከጨርቁ ጋር ተጠግቶ፣ ግን ሳይወጠር። ያ ከሌለህ ፍራሽ ስፖንጅ ውስጥ አስገባ። ጎንደር ከተማ ውስጥም ቢሆን ኅዳርና ታኅሣሥ ሌሊት ያለ ስፖንጅ አታድርም።

የማራኪ ልጅ
ጥር 24፣ ማታ 2:00

ደንቢያ፣ የእግሩን ጎን 20 ሴንቲ ከፍ አደረግኩት፤ መንሸራተቱ ቆመ። ሰያፉም ሠራ። ቁመቴ 1 ሜትር ከ74 ነው፤ 3 ሜትሩ በቅቶኛል።

ክረምት ሲገባ ሸራ ዘርግቼበት ላድርበት አስቤያለሁ። ለዝናብ ምን ልጨምር?

ደንቢያ
ጥር 24፣ ማታ 2:35

ሸራው ከላይ ቢኖርም ውኃ በማሰሪያው በኩል ይመጣብሃል። ዝናቡ በዛፉ ግንድ ይወርድና ማሰሪያውን ተከትሎ ቁልቁል ወደ ሃሞኩ ይገባል። የጥጥ ክር ቁራጭ ውሰድ፤ አንድ ስንዝር ይበቃል። በሸራው ሥር፣ ሃሞኩ ከመጀመሩ በፊት፣ ማሰሪያው ላይ ቋጥረህ ጫፉን ወደ መሬት አንጠልጥለው። ውኃው ክሩን ይዞ እዚያው ይንጠባጠባል። በሁለቱም በኩል አድርግ። የላይ ገመዱ ከሸራው ሥር ከወጣ እሱም ላይ።

ሌላው፣ ማሰሪያህ ፖሊስተር መሆኑን እይ። ናይለን ከሆነ ሲረጥብ ይለጠጣል። ማታ 45 ሴንቲ ላይ ተኝተህ ንጋት ላይ መሬት ልትነካ ትችላለህ። ናይለን ብቻ ካለህ ከመተኛትህ በፊት ከ10 እስከ 15 ሴንቲ ከፍ አድርገህ እሰር፣ ግማሽ ሰዓት ያህል ተቀምጠህበት ከተለጠጠ በኋላ እንደገና ለካ።